እትዬ አትጠገብን የሰጠሁበት ክረምት

እርጥብ ኬሻና የልብስ ሳሙና አብረው ሲሸቱኝ እስከ ዛሬ ድምፄ ይጠፋል። ባለፈው ሐምሌ ደባርቅ ሄጄ፣ አስፋልቱ ዳር ዝናብ ሲያጣድፈኝ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘው አልኩ። ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል፤ አንዲት ልጅ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ነቅላ «ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። ከጓሮው መጋዘን ግን ያ ሽታ መጣ። በጨዋ ደንብ የጠየቀችኝን ልጅ እያየሁ አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ቦርሳ አንግቼ፣ እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። «ዝናቡን ላሳልፍ ነው» ያልኳት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

ያ ቤት ድሮ የኅብረት ሱቅ ነበር። አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እናቴ ኮሶዬ በሚባል ቦታ አንድ ሎጅ ውስጥ ምግብ ታበስል ስለነበር፣ እኔ ከአባቷ ከአባባ ውበቱ ጋር ደባርቅ ከረምኩ። አባባ አናጢ ነበሩ። በር፣ መስኮት፣ አግዳሚ፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። ቤታችን ጥድ ጥድ ይሸታል፤ ፀጉሬ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይገኝ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሰው ቀድሞ መንገዱን ይይዛል። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ካምፕ የሚያድር፣ ሲነጋ እንደ ፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ተራውን ጠብቆ ወደ ከተማ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የሰው ሰላምታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጃንጥላው፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ራሱ። በዚያ ጉም ውስጥ ማንኛውም ነገር እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ እኔም ብዙ ነገር አምን ነበር።

የሱቁ ሠራተኛ እትዬ አትጠገብ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ አላዩዋትም። ፊቷ ከባንኮኒው በላይ በጣም ከፍ ብሎ፣ ከመደርደሪያው ላይ ካለው ሚዛን ጎን ይታየኛል። ሰው ሲገባ ቀና አትልም። ቀና ካለችም «እህ» ትላለች፤ እሱም ጥያቄ ይሁን ቁጣ ለይቼው አላውቅም። ከእኔ በኋላ የገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ከእኔ በፊት ይስተናገዳል። ተራዬ ሲደርስ «ባንኮኒውን አትደገፊ»፣ «አልቋል»፣ «ነገ» ከሚሉት አንዱ ይደርሰኛል። የእኔ መልስ ለሁሉም «እሺ» ነው። አንድ ቀን ጨው ተልኬ ክብሪት ይዤ ተመለስኩ፤ አፌን ከመክፈቴ በፊት ክብሪት አስቀመጠችልኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። አባባ ክብሪቱን አገላብጠው አዩና «ይኼማ ወጥ ውስጥ አይገባ» ብለው ሳቁ። ሌላ ሱቅ ነበር፤ ግን አባባ የማኅበሩ አባል ስለሆኑ «የራሳችን ቤት እያለ የሰው ደጅ ምን ያስኬደናል?» ይላሉ። የራሳችን ያሉት ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንቀጠቀጥ አልነገርኳቸውም።

ሳጥኑ የመጣው በሰኔ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ፈንታ አባባ ዘንድ መጡና «አንድ ሳጥን ይሥሩልን፣ ሰው ቅሬታውን ጽፎ የሚከትበት» አሏቸው። አባባ ደግሞ በዕድሜያቸው ሙሉ ከላይ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ሲሠሩ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሙዳየ ምጽዋት። በዙሪያችን ካሉት አድባራት የብዙዎቹን እሳቸው ናቸው የሠሩት። ያንኑ ሠሩላቸው። ክዳኑ እንደ ጣሪያ ቀና ያለ፣ ጠርዙ አረንጓዴ የተቀባ፣ ከቀዳዳው ሥር ደግሞ የገባ ነገር ተመልሶ እንዳይወጣ ሰያፍ ቆርቆሮ የተመታበት።

«አባባ፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አላለም?» አሉ አቶ ፈንታ።

«መስቀል አላረግሁበትም'ኮ» አሉ አባባ። ለእሳቸው ነገሩ በዚህ አበቃ።

ሳጥኑ ሱቁ በር ላይ ተሰቀለ፣ «የአስተያየት መስጫ» ተብሎም ተጻፈበት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከጃናሞራ የመጡ አንዲት እናት ከዝናቡ ሸሽተው ገቡና ሳጥኑን አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡ፣ ሦስት ጊዜ ተሳለሙት፣ ከመቀነታቸው ሳንቲም ፈትተው ጣሉበት። ከኋላቸው ያሉትም ሲያዩ እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ሰው እየተሳለመው ይገባል፣ እየተሳለመው ይወጣል። እኔ መጻፍ እንደምችል የታወቀ ጊዜ ደግሞ «ልጄ፣ ይችን ጣፊልኝ» የሚለኝ በዛ። የታመመ ሰው ያላቸው የታመመውን፣ የሞተባቸው የሟቹን የክርስትና ስም ያስጽፉኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ካህኑ በጸሎት እንዲያስቡላቸው እንደሚያደርጉት ማለት ነው። «ኃይለ ገብርኤል፣ ለጤና። ወለተ ኪዳን፣ ለነፍስ።» እጥፍ አድርገው ይከቱታል። እትዬ አትጠገብ ይህን ሁሉ ከባንኮኒዋ ሆና ታያለች፤ አንድም ቀን «ይኼ እንኳ ሙዳየ ምጽዋት አይደለም» ብላ ሰው አላሳፈረችም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ስም በእጄ ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። አባባ ፍልሰታን አንድ ቀን አያጓድሉም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በባትሪ ብርሃን ጭቃውን እየመረጡ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባትሪው ድንጋይ አለቀና ላኩኝ። እትዬ አትጠገብ ከመደርደሪያው ላይ ካለው አዲስ እሽግ ሳይሆን ከባንኮኒው ሥር ካለ ቆርቆሮ ሁለት ድንጋይ አውጥታ ሰጠችኝ። አየኋት። እሺ አልኩ። ቤት ስንከተው ባትሪው ጭል እንኳ አላለም።

«መልሺያት» አሉ አባባ። «አልሠራም በያት፣ ሌላ ነገር አያሻም።»

ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «አልሠራም» የሚለውን ቃል በልቤ ደጋገምኩት። ውስጥ እትዬ አትጠገብ አንድ ሰውዬ ላይ «ነገ ብዬሃለሁ!» ስትል ሰማሁ። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ፤ አሁን ደግሞ ሱቁ ባዶ ነበር፣ ያ ባሰብኝ። ሦስተኛ ጊዜ ደረጃው ላይ አንድ እግሬን አሳርፌ አነሣሁት። ድንጋዮቹ እጄ ውስጥ ሞቀው ነበር። ቤት ገብቼ አባባን «አዲስ አልቋል አለች» አልኳቸው። በዕድሜዬ አስቤበት የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት እሱ ነው።

በማግሥቱ አባባ ያለ ብርሃን ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ ካለው ቁልቁለት ጭቃው አዳልጧቸው በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። ረፋድ ላይ ወጌሻ አሽቶ፣ በጨርቅ ጠፍሮ መለሳቸው። መላጊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ ቤቱም የመላጊያ ድምፅ አጣ። አባባ በግራ እጃቸው ሽምብራ እየለቀሙ «ምን ይደረግ፣ አንድ ሳምንት ዓለሜን ባይ» ይላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። በራሴ ብቻ መናደድ ስለከበደኝ ንዴቴን ለሁለት ከፈልኩት፣ የሚበዛውን ለእትዬ አትጠገብ ሰጠሁ።

ማመልከት ነበረብኝ፤ ግን ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ድንበሯን የገፋባትን ሰው «ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ» ብላ በወሩ የሰውየው በሬ ገደል ገብቷል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ቀልድ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አንዴ ሰያፍ ቆርቆሮውን አስባለሁ፤ ከገባ አይወጣም። አንዴ የአባባን የተጠፈረ እጅ አያለሁ። በአራተኛው ቀን ከደብተሬ መካከል አንድ ሉክ ገነጠልኩ። መምህራችን ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ በዚያው ዓመት አስተምረውን ነበር፣ ስለዚህ በደንቡ ጻፍኩት፦

«ለእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም
ባሉበት
ጉዳዩ፦ እትዬ አትጠገብን ስለመስጠት
ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እትዬ አትጠገብ የማይበራ ድንጋይ ሰጠችኝ። መመለስ ፈርቼ አልመለስኩም። አባባ በጨለማ ወድቀው እጃቸው ተጎዳ። ሰው ስታይ ሰላም አትልም። እኔ እሷን ሳይ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ሰጥቼዎታለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ወለተ ሰንበት»

የክርስትና ስሜ ነው። እሱን የሚያውቁት እናቴ፣ አባባና ያጠመቁኝ ቄስ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው የሚጠራኝ ስመኝ ብሎ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ሁሉ በክርስትና ስም ስለሆነ የእኔም እንደዚያ መሆን ነበረበት። ወረቀቱን ከተትኩትና ከሳንቲሞቹ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ለመሳለም ግን አፈርኩ።

በሁለተኛው ቀን ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። በሦስተኛውም። በሩ ሥር ቆሎ የምትሸጠዋን ሴትዮ ጠየቅኋት።

«አሟት ጎንደር ወሰዷት» አለችኝ። «ሌሊቱን ስትጮህ አደረች አሉ።»

ጉሙ መንገዱን እንደያዘው ነበር። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ዛሬም ሳስባቸው ጠርዝ የላቸውም፤ ሁሉም አንድ ረጅም ነጭ ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል። ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ዜማ ይመጣል፣ ከየት በኩል እንደሆነ አይለይም። ሁሉንም ነገር ከጎንደር መንገድ ጋር አያይዘዋለሁ፦ መኪና ሲመጣ ሬሳ የጫነ ይመስለኛል፣ የጡሩንባ ድምፅ ስሰማ ለእሷ ነው እላለሁ። እመቤታችን ይህን ያህል ትቸኩላለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሌላ ሉክ ገነጠልኩ፦

«ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የቀረበን ማመልከቻ ስለመሰረዝ
ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እትዬ አትጠገብን እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ብትቆጣኝም ግድ የለም። ዘይት ስትለካ አታጎድልም። ለአባባ አልቋል አለች ያልኩት ውሸት ነው፣ ሱቁም አልገባሁም። እባክዎን አትሙትብኝ።
ወለተ ሰንበት»

ይህንንም ከተትኩ። ግን የመጀመሪያው እዚያው ውስጥ እንዳለ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሁለቱ አብረው ከተነበቡ የትኛው ይጸናል? ከአባባ ቁርጥራጭ ቀጭን ስንጥር መርጬ፣ ጫፉን በሙጫ ለውሼ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሳጥኑን መጎርጎር ጀመርኩ። ሰያፏ ቆርቆሮ ስንጥሩን በመጣበት ትመልሰዋለች። አባባ ሥራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ቢያበላሹት ምን ነበረበት! ስንጥሩ ተሰብሮ እጄ ላይ ሲቀር ከኋላዬ አባባ ቆመው አየኋቸው።

እዚያው ደረጃ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ውሸቱንም።

«የጣፍሽው እውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለራሷ አትነግሪያትም ነበር?»

«እፈራታለሁ፣ አባባ።»

«እመቤታችንንሳ አልፈራሽም?»

አባባ የተጠፈረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ውሸትሽ እጄን ጎድቶኛል» አሉ፣ ሳይቆጡ፣ የእንጨት ስንጥቅ እንደሚያሳይ ሰው። ከኋላ ያለችውን ሳንቃ ከነቀሏት ሳጥኑ ያለ ቁልፍ እንደሚከፈት አውቅ ነበር፣ ለመንኳቸው። «እንዴት ተደርጎ? የሰው ስም አለበት። እንኳን እኔ ሊቀመንበሩም ዝም ብሎ አይነካት» አሉኝ። እሳቸው በገዛ እጃቸው ለሱቅ የሠሩትን ሳጥን ፈሩት።

እትዬ አትጠገብ የተመለሰችው ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ተከፍቷል። ጉንጯን በሻሽ ጠቅልላለች፤ የመንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ኖሯል። በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳያት «አንቺ! ወይ ግቢ ወይ ዝጊው፣ ጉም አስገባሽብኝ'ኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ቁጣ የለም። ሮጬ ሄጄ አባባን «ትቆጣለች!» አልኳቸው፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው።

በማግሥቱ ሳጥኑ ሊከፈት ሆነ። እርጥበቱ እንጨቱን አሳብጦት ክዳኑ አልነሣ ስላለ አባባ ተጠሩ፣ እኔም የግራ እጃቸው ረዳት ሆኜ መሮ ይዤ ተከተልኩ። ክዳኑ ተነሣ። ሳንቲሙና ወረቀቱ ባንኮኒው ላይ ተዘረገፈ። አቶ ፈንታ ሳንቲሙን ለደብሩ ሊወስዱ ከረጢት ውስጥ ከተቱ፤ ወረቀቶቹን ግን መነጽራቸውን ስላልያዙ ለእትዬ አትጠገብ ሰጧት። እሷም አንድ በአንድ ታነብ ጀመር። «ኃይለ ገብርኤል፣ ለጤና። ወለተ ኪዳን፣ ለነፍስ። ተክለ ማርያም፣ ለዓይኑ።» ከሻሹ ሥር ጉንጯ አላላውስ ስላላት ቀስ ብላ ነው የምታነበው። እኔ የጻፍኳቸው ስሞች በእሷ ድምፅ ሲጠሩ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኮፍያውን አወለቀ።

ቀጥሎ ሁለተኛው ደብዳቤዬ መጣ። ከላይ ስለነበር ቀደመ። «ጉዳዩ» ብላ ጀመረችና ስሟ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው፣ ዘይቱንም፣ «አትሙትብኝ» የሚለውንም። ማንም አልሳቀም። ትንሽ ፈልጋ የመጀመሪያውን አገኘችው። እሱንም ጮክ ብላ አነበበችው። ልትዘለው ትችል ነበር፤ አንዲት ቃል አልዘለለችም።

«ወለተ ሰንበት ማን ናት?» አሉ አቶ ፈንታ።

አባባ የሳጥኑን ክዳን ማጠፊያ መመርመር ያዙ። ያውቃሉ፤ ክርስትና ስነሣ እዚያው ነበሩ። ግን ቀና አላሉም፣ ማጠፊያውን ብቻ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ዝም ብል ማንም አያውቀኝም ነበር። አባባ ግን ያውቃሉ፣ የተጠፈረው እጃቸውም እዚያው ዓይኔ ሥር ነበረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእሺ ሌላ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

እትዬ አትጠገብ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። ስትወርድ አየኋት፤ ለካ የሳሙና ካርቶን ተደራርቦ የተቀመጠበት ከፍ ያለ የእንጨት መረባርብ ላይ ነው የምትቆመው። ከእናቴ ታጥራለች።

«ለምን አልመለስሽልኝም?» አለችኝ።

«እርስዎን እፈራለሁ።»

አቶ ፈንታ ነገሩን ሊያበርዱ «ልጅ ናት፣ አትጠገብ። ዕቃውም ቢሆን ከፋብሪካው ነው፤ አንቺ በምን ታውቂያለሽ» አሉ።

«አውቅ ነበር» አለች። ለእሳቸው ሳይሆን ለአባባ ነው የምትናገረው። «ሌላ ሰው የመለሰው ድንጋይ ነው። ሥራ አስኪያጁ አይቀበለኝም ብዬ አስቀምጬው ነበር። የማትመልስ ልጅ መሰለችኝና ለሷ ሰጠኋት።» ዝቅ ብላ የአባባን ጉልበት ልትስም ስትል አባባ በግራ እጃቸው ያዟት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«እኔ ማመልከቻ አላስገባሁ፣ ልጄ» አሉ አባባ።

ወደ እኔ ዞራ «አንቺም ይቅር በይኝ» አለች። ሰው ሁሉ ያየኛል። ይቅርታ ሲጠየቅ ምን እንደሚባል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ግን አምስት ቀን ሙሉ ገደልኳት ብዬ ተሠቃይቻለሁ፣ እሷ ደግሞ ድንጋዩን የሰጠችኝ እያወቀች ነበር። እጄን ዘረጋሁ።

«ሁለተኛውን ደብዳቤ ይመልሱልኝ።»

«የቱን?»

«የሰረዝኩበትን።»

እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። አራት ቦታ አጠፈችውና ሁለት እጇን ደራርባ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«እሷን ተይልኝ፣ ስመኝ» አለችኝ። ስሜን የምታውቀው አይመስለኝም ነበር። «በእናትሽ። እንደዚያ ብሎ የለመነልኝ ሰው የለም።»

ፈርታለች፣ እኔን። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም፣ ግን እጄን ቶሎ አልሰበሰብኩም። አባባ የሳጥኑን ክዳን በመሮው ጀርባ መታ መታ አድርገው ገጠሙት።

ሁለተኛውን ተውኩላት። የመጀመሪያውን ግን ከባንኮኒው ላይ አነሣሁ። «ለእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም» የሚለውን በአቶ ፈንታ እስክሪብቶ ሰርዤ «ለኅብረት ሱቁ ማኅበር» ብዬ ጻፍኩበት፣ ወለተ ሰንበትንም ሰርዤ ስመኝ አልኩ፣ እሷም አባባም እያዩኝ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።